የፋይል ስምና ጅራቱ፦ ፍላሻችሁ የትም ቤት ሄዶ እንዲከፈት

ባለፈው ማክሰኞ ከሐይቅ የመጡ አንዲት እናት ደሴ ፒያሳ ያለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቴ ገቡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል አሉኝ። የልጄ ማመልከቻ ነው፣ ዛሬ ካልገባ ጊዜው ያልፍባታል» አሉ። አንድ ቤት ቀድመው አሳይተው ኖሮ አራቱም ገጽ እንደ አዲስ ይተየብ ተብለዋል።

ፍላሹን ሰካሁት። ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አለ። ምስሉ ነጭ ባዶ ወረቀት ነው፣ ከስሩ «የሥራ ማመልከቻ 2017 ዓ.ም» ይላል። ሁለቴ ስጫነው ዊንዶውስ «በምን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ስልኳ ላይ ስሙን ስትቀይር የድሮውን ስም ከነጅራቱ (ከስሙ መጨረሻ ካለችው ነጥብና ከተከታዮቿ ፊደላት ጋር) ሙልጭ አድርጋ አጥፍታ ነው አዲሱን የጻፈችው። ኤፍ2 ተጫንኩ፣ ከስሙ መጨረሻ ሄጄ ነጥብ አደረግኩና ዲ፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤክስ ጻፍኩ፣ ኢንተር። ነጩ ወረቀት ወዲያው ሰማያዊ የወርድ ምልክት ሆነ። «አብሽሩ እማማ፣ ደህና ነው» አልኳቸው። አራቱን ገጽ አትሜ ስሰጣቸው ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው አንድ በአንድ አዩት።

እንዲህ ያለ ነገር በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይገጥመኛል። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከከሚሴ፣ ከኮምቦልቻ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ብዙው «ተበላሸ» የተባለ ፋይል ያልተበላሸ ነው። ስሙ ነው የተበላሸው። ሰው ደግሞ ለዚህ ብሎ ገንዘብና ቀኑን ያጠፋል፣ ያ ያናድደኛል። ስለዚህ ደንበኞቼን ቆሜ የማሳያቸውን ነገር ሁሉ እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ኮምፒውተራችሁን ከፍታችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጅራቶቹን ኪቦርድ ላይ የምትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። እኔ እዚህ የምጽፋቸው አፋችን እንደሚጠራቸው ነው፦ ፒዲኤፍ፣ ጄፒጂ፣ ኤምፒ3፣ ዶክኤክስ፣ ኢኤክስኢ።

መጀመሪያ፦ ጅራቱ እንዲታያችሁ አድርጉ

የፋይል ስም ሁለት ክፍል አለው። ከመጨረሻው ነጥብ በፊት ያለው ለእናንተ ነው። ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ለማሽኑ ነው፤ ኤክስቴንሽን ወይም ቅጥያ የሚባለው እሱ ነው፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ጅራት ነው የምለው። «የመጨረሻው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ችግሩ ዊንዶውስ ሲገዛም ሲጫንም ይህን ጅራት ደብቆ ነው የሚመጣው። የማይታይ ነገር ደግሞ አይጠበቅም። እንዲታይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዊንዶውስ 11 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ፣ ከላይ ቪው የሚለውን ተጫኑ፣ ከታች ሾው የሚል ይመጣል፣ እሱ ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው ስትሉ ሳጥኗ እዚያው ፊት ለፊት ናት። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ (ብዙ ቢሮ አሁንም አለ) ኦርጋናይዝ ውስጥ ገብታችሁ ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቪው፣ ከዚያ ሃይድ ኤክስቴንሽንስ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ማክ የምትጠቀሙ ፋይንደር ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ላይ ታገኙታላችሁ።

ይህን ካደረጋችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዓይናችሁ ይታያችኋል። ካላደረጋችሁ ግን በጨለማ ነው የምትሠሩት።

ስም ስትቀይሩ እጃችሁን ያዝ

ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን መርጣችሁ ኤፍ2 ስትጫኑ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ሰማያዊ የሚሆነው ከነጥቡ በፊት ያለው ብቻ ነው። ጅራቱ አይነካም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እናንተ ግን ከልምድ ኮንትሮል ኤ ከተጫናችሁ ጅራቱም አብሮ ይመረጥና ይጠፋል። ዝም ብላችሁ ጻፉ፣ ኮንትሮል ኤ አያስፈልግም።

ጅራቱ ሊጠፋ ወይም ሊቀየር ሲል ዊንዶውስ «ፋይሉ ላይሠራ ይችላል፣ እርግጠኛ ነህ?» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰው ሳያነብ የስ ይለዋል። ኖ በሉት። ስልክ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ የስልክ ፋይል ማኔጀር ሪኔም ስትሉት ስሙን ከነጅራቱ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥላችኋል፣ ጣታችሁን አጥፊው ላይ ስትጫኑት ሁሉም ይሄዳል። የእማማ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ስልክ ላይ ስታጠፉ ነጥቡ ጋ ስትደርሱ ቁሙ።

አሁን ወደ ዓ.ም እንመለስ

ይህ የኛ የብቻችን ጣጣ ስለሆነ በደንብ እንየው። ማሽኑ ጅራቱን የሚያውቀው በመጨረሻው ነጥብ ነው ብለናል። «ሪፖርት 2017 ዓ.ም» የሚል ፋይል ትክክለኛው ጅራት ከጠፋበት ኮምፒውተሩ የሚያየው የመጨረሻ ነጥብ ዓ.ም ውስጥ ያለችው ናት። ስለዚህ የፋይሉ ዓይነት «ም» ነው ብሎ ያስባል። በእውነት ነው የምላችሁ፤ ዝርዝሩን ብታዩት ታይፕ በሚለው ዓምድ ስር «ም ፋይል» ብሎ ጽፎ ታገኙታላችሁ። «ም» የሚባለውን ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ደግሞ የትም የለም።

ጅራቱ ካለ፣ ማለትም «ሪፖርት 2017 ዓ.ም» ብሎ ነጥብ ዶክኤክስ ካስከተለ፣ ምንም ችግር የለውም፤ በመሃል ያለ ነጥብ አይጎዳም። ግን ለምን ትጋፈጡታላችሁ? «ዓም» ብላችሁ ነጥቡን ተዉት። ወይም ዓመተ ምሕረቱን ጨርሶ አትጻፉ፣ 2017 ይበቃል። ሌላም አለ፦ ዊንዶውስ በስም መጨረሻ ላይ ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ አይቀበልም። «ዓ.ም.» ብላችሁ የፎልደር ስም ብትጨርሱ የመጨረሻዋን ነጥብ ሳይነግራችሁ ይቆርጣታል።

ሁለተኛው የኛ ጣጣ እዝባሯ ናት። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ቁ/ር። አማርኛችን ያለ እዝባር አይሄድም። ዊንዶውስ ግን እነዚህን ዘጠኝ ምልክቶች በፋይል ስም ውስጥ ከቶ አይቀበልም፦

\ / : * ? " < > |

ምክንያት አለው። እዝባር ለኮምፒውተሩ የበር ምልክት ናት። «ት/ቤት» ብላችሁ ሴቭ ልታደርጉ ስትሉ እሱ የሚገባው «ት የሚባል ፎልደር ውስጥ ግባና ቤት የሚባል ፋይል አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። «ት» የሚባል ፎልደር የለም፣ ስለዚህ ይቆጣል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ 8/3/2017 ብሎ መጻፍ አይቻልም። ጽቤት፣ ትቤት፣ ወሮ በሉት፣ ወይም ሙሉውን ጻፉት። ትምህርት ቤት ብሎ መጻፍ ከሁሉም ያምራል።

ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት) ከሁሉም ለቀቅ ያለ ነው። የሚከለክለው እዝባርንና ነል የሚባለውን የማይታይ ምልክት (ባዶ ቦታን አይደለም) ብቻ ነው። ያ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሊነክስ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ስም ሰጥታችሁ ወደ ተለመደው ፍላሽ ኮፒ ስታደርጉ እምቢ ይላል። ማክ ደግሞ ፊታችሁ ላይ እዝባር ያሳያችሁና ከስር ሁለት ነጥብ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ሦስቱም ማሽን ላይ የሚሄድ ስም ከፈለጋችሁ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ተጠቀሙ።

የኛው የግእዝ ሁለት ነጥብ (፡) ከእንግሊዝኛው (:) የተለየ ምልክት ነው፣ በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የተሰጣቸው መዝገብ) ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ያሳልፈዋል። ግን ሲታዩ አንድ ስለሆኑ በኋላ ስትፈልጉት ግራ ትጋባላችሁ። ተዉት።

እንዲሁም ዊንዶውስ ላይ ፎልደር «ኮን» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል (ሲ፣ ኦ፣ ኤን) ለመሰየም ሞክሩ። አይሆንም። ኤዩኤክስ፣ ፒአርኤን፣ ኤንዩኤል፣ ኮም1፣ ኤልፒቲ1 የሚሉትም አይሆኑም። በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ዘመን የኪቦርድና ስክሪኑ፣ የማተሚያው፣ የመገናኛ ገመዱ መጠሪያ ስሞች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ተጠብቀውላቸዋል። በአማርኛ «ኮን» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ማንም አይከለክላችሁም።

ጅራቱ ለምን ሦስት ፊደል ሆነ?

አጭር ታሪክ ነው። በዶስ ጊዜ የፋይል ስም ቢበዛ 8 ፊደል፣ ጅራቱ ቢበዛ 3 ፊደል ነበር፣ ያውም ሁሉም በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል። ከዚያ ነሐሴ 1987 ላይ (በፈረንጅ 1995) ዊንዶውስ 95 ወጣና እስከ 255 ፊደል መጻፍ ተቻለ። ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሲል ግን አጭሩንም ስም ጎን ለጎን ይይዝ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ አሮጌ ፕሮግራም ውስጥ በማዕበል ምልክት (~) እና በ1 የሚያልቅ የተቆረጠ ስም ካያችሁ ከዚያ የመጣ ነው። ዶክ፣ ጄፒጂ፣ ቲኤክስቲ፣ ኢኤክስኢ ሁሉም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ዶክኤክስና ኤክስኤልኤስኤክስ አራት ፊደል መሆናቸው ኋላ መምጣታቸውን ያሳያል።

በአማርኛ ልሰይም ወይስ በእንግሊዝኛ ፊደል?

ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። መልሴ፦ ለራሳችሁና ለመሥሪያ ቤታችሁ ከሆነ በአማርኛ ሰይሙ። ቋንቋችን ነው፣ ማሽኑም ይችላል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድሮ ግን አይቻልም ነበር። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከስር የእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበር፣ የፋይል ስም ደግሞ ፎንት ስለማይመረጥለት፣ ስሙ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ነበር የሚወጣው። ትልልቆቹ ጸሐፊዎች አሁንም «ደብዳቤ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉት ከዚያ ልምድ የተነሳ ነው።

ሦስት ነገር ግን እወቁ።

መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላት። ለኛ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ አንድ ከተማ ናት። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሐሰንና ሀሰን ሁለት ሰው ናቸው። ሥራና ስራ፣ ዓመትና አመት እንዲሁ። መፈለጊያው ላይ «ሀይቅ» ብላችሁ ጽፋችሁ «ሐይቅ» ተብሎ የተቀመጠውን ፋይል ብትፈልጉ የለም ይላችኋል። አንድ ጊዜ የሰፈራችንን ቅሬ (እድር) የአባላት መዝገብ ግማሽ ቀን ሙሉ ስፈልግ ውዬ፣ «አባላት» ብዬ የምፈልገው ዝርዝር «ዐባላት» ተብሎ ነው የተቀመጠው። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው። ቢሮ ከሆናችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦ ሥራ እንዲህ፣ ዓመት እንዲህ፣ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ብላችሁ።

ቀጥሎ ርዝመት። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ 255 ድረስ። ሊነክስ ግን የሚቆጥረው በባይት (ኮምፒውተር መጠን በሚለካበት) ነው፣ እሱም 255። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፣ አንድ የኛ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል። 255ን ለ3 ስታካፍሉት 85 ነው። ስለዚህ ሊነክስ ላይ የአማርኛ ፋይል ስም ከ85 ፊደል አያልፍም፣ ጅራቱ ሲቀነስ ደግሞ ትንሽ ያንሳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሙሉ ርዕስን እንደ ፋይል ስም የሚያደርጉ ተማሪዎች አሉ፦ «በደቡብ ወሎ ዞን በ… ወረዳ የ… በ… ላይ ያለው ተጽዕኖ» እያለ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ያልፋል፣ ሊነክስ ላይ ይቆማል።

ዊንዶውስም ቢሆን ሌላ ገደብ አለው። ስሙን ብቻ ሳይሆን ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ያለውን መንገድ ሁሉ ደምሮ ይቆጥርና እንደተለመደው ከ260 እንዲያልፍ አይፈቅድም። ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ ፎልደር፣ ሁሉም ረጃጅም ስም ካላቸው አንድ ቀን ኮፒ ስታደርጉ «መንገዱ ረዘመ» ብሎ ይቆማል። እንዲያ ሲገጥማችሁ አትደንግጡ፤ ከላይ ያሉትን ፎልደሮች ስም አሳጥሩና ድገሙት፣ ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ ፋይሉ ወዴት ነው የሚሄደው? ድረ ገጽ ላይ የሚጫን ከሆነ፣ የሥራ ወይም የትምህርት ማመልከቻ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ባዶ ቦታ ሳይኖረው፣ በሰረዝ አያይዛችሁ ሰይሙት። የአማርኛ ስም አንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የታጨቀበት ረጅም ነገር ይሆናል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይቀበልም። የመኪና ቴፕም እንደዚያው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌር መንዙማና ዘፈን በፍላሽ ጫንልኝ ብሎ ይመጣል። «ባቲ»፣ «አምባሰል»፣ «አንቺሆዬ»፣ «ትዝታ» ብዬ በአማርኛ ፎልደር ብሠራለት ደስ ይለኝ ነበር፣ ቅኝቶቹ ግማሹ የአገራችንን ስም የያዙ ናቸው። የመኪናው ስክሪን ግን የግእዝ ፎንት የለውም፣ የሚያሳየው ባዶ ሳጥን ተርታ ነው። ሾፌሩ እየነዳ የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ለመኪና በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት።

ቁጥርና ቀን

እዚያው መኪና ላይ እንዳለን፣ ተራ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ አትጀምሩ። 01፣ 02፣ 03 በሉ። ዊንዶውስ ዛሬ ቁጥር ስለሚያውቅ 2ን ከ10 በፊት ያስቀምጣል። ብዙ የመኪና ቴፕና አሮጌ ማጫወቻ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው፣ ስለዚህ 1፣ 10፣ 11፣ 2 እያለ ይዘላል። ከመቶ በላይ ከሆነ 001 በሉ።

ቀንን ከትልቁ ወደ ትንሹ ጻፉ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የኛ ቅሬ ጸሐፊ አሁን እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው፦

ቅሬ-ቃለጉባኤ-2017-03-08
ቅሬ-ቃለጉባኤ-2017-04-06
ቅሬ-ቃለጉባኤ-2017-13-03

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጳጉሜን፣ በራሱ ይደረደራል። ቀኑን አስቀድሞ 08-03-2017 ቢለው የሁሉም ዓመት 8ኛ ቀን አንድ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ኮምፒውተሩ ራሱ «የተቀየረበት ቀን» ብሎ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። ስልክም ፎቶ ሲሰይም በፈረንጅ ነው። በ7 ወይም በ8 ዓመት የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ፎልደር ውስጥ ሲቀላቀሉ የሚፈጠረውን ግርግር ያየ ያውቀዋል። በስም ላይ የምትጽፉት የኛው ከሆነ ሁሌም የኛው ይሁን።

ጅራቱ ከጠፋ ምን እንደነበር በምን ይታወቃል?

ይህን ክፍል ከሁሉም እወደዋለሁ። ዊንዶውስ ዓይነቱን በጅራት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሊነክስ ብዙ ጊዜ ውስጡን ከፍቶ ያያል። አብዛኞቹ የፋይል ዓይነቶች መጀመሪያቸው ላይ መለያ ይጻፍባቸዋል፣ እናንተም ማንበብ ትችላላችሁ።

ፋይሉን ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። ራይት ክሊክ፣ ኦፕን ዊዝ፣ ኖትፓድ። ዝብርቅርቅ ምልክት ይሞላል፣ አይግረማችሁ። የመጀመሪያውን መስመር የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ተመልከቱ። የመቶኛ ምልክትና ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ ካያችሁ ፒዲኤፍ ነው። ፒኬ ካያችሁ ዚፕ ነው፣ ወይም ዶክኤክስ፣ ኤክስኤልኤስኤክስ፣ ፒፒቲኤክስ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ከውስጥ ዚፕ ናቸው። ፒኬ የፊል ካትዝ ስም መነሻ ነው፣ ዚፕን የፈጠረው ሰው። ፒኤንጂ ካያችሁ ምስል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዝብርቅርቅ ምልክቶች አጠገብ ጄኤፍአይኤፍ ወይም ኤግዚፍ ካለ ጄፒጂ ፎቶ ነው። አይዲ3 ካለ ኤምፒ3 ነው። ኤምዜድ ካለ ደግሞ ፕሮግራም ነው፣ አትክፈቱት። እሱም ዶስን ከሠሩት አንዱ የሆነው የማርክ ዝቢኮውስኪ ስም መነሻ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ ሴቭ ሳትሉ ኖትፓዱን ዝጉ። ሴቭ ካላችሁ እውነትም ይበላሻል። ከዚያ ትክክለኛውን ጅራት ጻፉለት።

ዶክኤክስ ዚፕ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ደንበኛ ፎቶዎቹን ወርድ ውስጥ ለጥፎ ያመጣና ዋናዎቹ ጠፍተውበታል። የፋይሉን ኮፒ ጅራት ዚፕ ብዬ ቀይሬ እከፍተዋለሁ፣ ወርድ የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ሚዲያ የሚል አለ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ እዚያ ተደርድረው ይገኛሉ።

ግን አንድ ስህተት አትሥሩ። ጅራት መቀየር ፋይሉን አይቀይረውም። የጤፍ ማዳበሪያ ላይ «ስንዴ» ብሎ መጻፍ ጤፉን ስንዴ አያደርገውም። ወርዱን ፒዲኤፍ ለማድረግ ጅራቱን ብትቀይሩ የማይከፈት ፋይል ታገኛላችሁ፤ ወርድን ከፍታችሁ ሴቭ አዝ ብላችሁ ፒዲኤፍን ምረጡ። ከአይፎን የመጣ ኤችኢአይሲ የሚል ፎቶም ጄፒጂ ብላችሁ ስለጻፋችሁለት ጄፒጂ አይሆንም፣ ከፍታችሁ ወይም በቀያሪ ፕሮግራም ጄፒጂ አድርጋችሁ ማስቀመጥ አለባችሁ።

በጅራት የሚመጣ ተንኮል

ሚያዝያ 1992 መጨረሻ ላይ (በፈረንጅ 2000) በኢሜይል የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ዓለምን አዳረሰ። ስሙ በነጥብ ቲኤክስቲ ነጥብ ቪቢኤስ ነበር የሚያልቀው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ጅራት ስለሚደብቅ ሰው ያየው ቲኤክስቲ ብቻ ነው፣ ተራ ጽሑፍ መስሎት ከፈተው። ቫይረስ ነበር። በቀናት ውስጥ ሚሊዮኖችን ኮምፒውተር አዳረሰ።

እኛ ጋ የሚዞረው ደግሞ የፍላሽ ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የፎልደር ምስል ለብሶ የሚመጣ ኢኤክስኢ ነው። ጅራቱ እንዲታይ ካደረጋችሁ ወዲያው ይጋለጣል። ቪው ውስጥ ዲቴይልስን ብትመርጡም ታዩታላችሁ፤ እውነተኛ ፎልደር በሳይዝ ዓምድ ስር ምንም አይጻፍለትም፣ ይኼ ግን መጠን አለው፣ ታይፑም አፕሊኬሽን ይላል።

ሁለተኛው ፎልደሮቻችሁን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ነው። ይኼኛው ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሾርትከት ጅራት፣ ኤልኤንኬ፣ ኤክስቴንሽን እንዲታይ ብታደርጉም አይታይም። መለያው ምስሉ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ናት። ፍላሽ ላይ ሁሉም ፎልደር ቀስት ካለው አንዱንም አትጫኑ። ቪው ውስጥ ሂድን አይተምስ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ። ፈዘዝ ያለ ፎልደር ይወጣል፣ አንዳንዴ ስም እንኳ የለውም። ፋይሎቻችሁ እዚያ ውስጥ ናቸው። ወደ ኮምፒውተር ኮፒ አድርጉ፣ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። «ሁሉም ጠፋ» ተብሎ ፎርማት የተደረገ የስንት ሰው የሠርግ ፎቶ እንዳለ ሳስብ ያመኛል፤ ፎቶው እዚያው ነበር።

ለድረ ገጽ ሠሪዎች አንዲት ነገር

ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን አይለይም፤ ሊነክስ ይለያል። ድረ ገጽ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊነክስ ነው። ቤታችሁ የሚታየው ምስል ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ከጠፋ መጀመሪያ የስሙን ትልቅና ትንሽ ፊደል አወዳድሩ። የጄፒጂ ጅራት በትልቁ ተጽፎ እናንተ በትንሹ ጠርታችሁት ይሆናል። ሁሉንም ሁልጊዜ በትንሹ ጻፉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በአማርኛ ይህ ጣጣ የለም።

እማማ ሐሙስ ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ልጅቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ስልኳን አወጣች፣ ሪኔም አለች፣ ነጥቡ ጋ ስትደርስ ጣቷን አነሳች። ከዚያ «ዓ.ም»ን አጥፍታ 2017 ብቻ ተወች።